ደብሪቱ በደጋ የገዛችው መሬት

ደብሪቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ጥግ፣ በሣር በተከደነች ዳስ ሥር ሻይ ትሸጥ ነበር። እኔ ስለሺ ደግሞ ከዳሷ አጠገብ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የሾፌሮችን ሱሪ እጠግን ነበር። ሃያ ዓመት ተጎራብተናል። እሷን ከእኔ ይበልጥ አውቃታለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር።

የተወለደችው መተማ ቆላ ነው። እናቷን ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ እዚሁ ገዳሪፍ ወባ ቀጠፈቻት። አባቷን አታውቀውም። «የማን ልጅ ነሽ?» ያሏት እንደሆነ «የፀሐይ ልጅ» ብላ ስቃ ታልፋለች። ከቆላ ወጥታ አታውቅም፤ ተራራ ያየችው ከሩቅ ነው፣ ያውም ሰማዩ ሲጠራ። በጠያቂነት ግን የሚወዳደራት አልነበረም። ሰው አንድ ሻይ ሊጠጣ ይቀመጥና እስከ ሰባት ቤት ዘሩን ቆጥሮላት ይነሣል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የደጋው ሕዝብ በጠረፉ በኩል ጎረፈ። የስደተኞቹ መጠለያ ሞልቶ የተረፈው እንጨት ለቅሞ ለመሸጥም፣ ለመለመንም ወደ ከተማው ይገባ ጀመር። ጋረደው ከእነሱ አንዱ ነው። ከሰሜን ተራራ፣ ከጃናሞራ በኩል የመጣ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበር። ልጆቹ በሕፃንነታቸው ሞተውበታል፤ ሚስቱን ደግሞ መንገድ ላይ ቀብሮ ነው የመጣው። አንድ ቀን የእንጨት ሸክሙን አውርዶ የዳሷ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ደብሪቱም መጀመሪያ ውኃ ሰጠችው። አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ጣሳውን አየት አደረገና፦

«ልጄ፣ ውኃ የምትሉት ይህን ነው? እኛ አገር ውኃ ጥርስ ይሰብራል» አላት።

በቃ፣ ነገሩ ያኔ ተጀመረ።

«ብርድ እንዴት ያለ ነው፣ አያ ጋረደው?»

ሽማግሌው ግራ ተጋባ። ብርድ የማያውቅ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ብዙ አሰበና፣ «እሳት ዳር ተቀምጠሽ ፊትሽ ሲለበለብ፣ ጀርባሽ የሌላ ሰው ይሆንብሻል» አላት።

እሷ በሙቀቱ ላብ እያጠመቃት ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ቀጠለላት። በቤቱ ጓሮ ምንጭ አለ። ከምንጩ በላይ የአስታ ጫካ፣ ከጫካው በላይ ገደል ነው። ገደሉ ላይ ዝንጀሮው እንደ ማኅበርተኛ ተሰብስቦ ፀሐይ ይሞቃል። ጠዋት በር ሲከፍት ደመናው ከእግሩ በታች ተኝቶ ያገኘዋል።

«ታዲያ እንዲህ ያለውን አገር ምን ብለው ትተውት መጡ?» አልኩት ቀና ሳልል። ነገረኛ ነኝ፤ አልክድም።

«አገሩ ምን አደረገ? የከፋው ሰማዩ ነው» አለኝ።

በሳምንቱ ደብሪቱ መሬቱን ሽጡልኝ አለችው። ሻይ በእጄ ላይ ደፋሁ። ሰው ከዚያ አገር እየሸሸ እሷ ልትገዛው! «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ብዬ ተረትኩባት። «እኔን ናፈቀኝ» አለች። ወደ አርባ አምስት ተጠግታለች፤ ሃያ ዓመት በሰው አገር፣ በሰው ሜዳ ላይ ሻይ አፍልታለች፤ ፖሊስ በመጣ ቁጥር ዳሷን ነቅላ ስትተክል ኖራለች። ማንም ተነሺ የማይላት ቦታ ፈለገች። ለመግዛት የጓጓችው ለዚህ ነው፤ ብርዱ ምርቃት ነበር።

ጋረደው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ርስት አይሸጥም። መንግሥት መሬት አይሸጥም ብሎ አወጀ፤ እኛማ ከመንግሥትም በፊት አንሸጥም። ርስት ለልጅ ነው።»

ደብሪቱ አልተከራከረችም። መጠየቋን ቀጠለች። ከዚያ አገር የመጣ ስደተኛ ባየች ቁጥር ሻይ ትቀዳለትና ዋጋውን በወሬ ትቀበላለች። የጋረደውን መሬት ታውቀዋለህ? ስንት ጥማድ ይሆናል? ምንጩ በበጋ ይደርቃል? አንዱ ሦስት ጥማድ ነው ይላታል፤ ሌላው ሁለትም አይሞላ፣ ድንጋይ ነው ይላታል። የውኃው ነገር ላይ ግን የተለያየ የለም። አንዲት ሴት እንዲያውም ውኃውን ስታነሣ አለቀሰች። እኔም እበሳጭ እንጂ መርፌዬን አቁሜ አዳምጥ ነበር።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እላታለሁ።

«አንተ ደግሞ በምድርም ላም የለህ» ትለኛለች።

መላውን ያመጣው በመጨረሻ ጋረደው ራሱ ነው። በእኛ ዘንድ የጡት ልጅ የሚባል አለ። አባት የሚሆነው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፤ ልጅ የሚሆነው ይጠባል፤ ቄስና ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። ከዚያ ወዲያ ከአብራክ የወጣና በማር የመጣ ልዩነት የለውም፤ ይወርሳል። እንደዚያ ይሁን ተባለ። ማር በገበያው ጠፍቶ በስንት ፍለጋ አንድ ብርጭቆ አገኘሁ፤ ግማሹ ስኳር እንደነበር እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። በሚያዝያ አንድ እሑድ ከመጠለያው ቄስ መጣ፤ ትልቋ ሴትዮ ተንበርክካ የሽማግሌውን ጣት ጠባች። አንዱ ምስክር እኔ ነበርኩ። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነክሼ ነው የቆምኩት።

ደብሪቱ ነገሩን እንደ መሬት ውል ነበር ያየችው። እኔም እንደዚያው። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌው እንደ ውል አላየውም።

በማግስቱ ያመጣውን እንጨት አልሸጠውም፤ ምድጃዋ ሥር ዘረገፈው። ከዚያም ዳሱ በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ተቀመጠ። አደም የሚባል ሱዳናዊ ሾፌር እንደ ልማዱ «ያ ደብሪቱ!» ብሎ ሲጮህ ጋረደው ብድግ አለ። «ልጄን ነው እንዲህ የምትጠራት?» አደም አማርኛ አያውቅም፤ ዱላው ግን ገባው። ስቆ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌውን «አቡ ደብሪቱ»፣ የደብሪቱ አባት፣ እያለ ሰላም ይለው ጀመር። ደብሪቱ አላሠራኝም እያለች ታማርር ነበር። አንድ ቀን ግን አንዲት እንግዳ ሴት የማን ልጅ እንደሆነች ስትጠይቃት፣ «የጋረደው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አልቀለደችም፤ አልሳቀችምም።

ክረምቱ ሲቃረብ ብዙ ሰው ለእርሻ ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። መንገዱ ጦርነት ነው፤ ቢሆንም ሰው ዘር የሚዘራበት ወር ሲደርስ አላስቀምጥ ይለዋል። ደብሪቱ የእናቷን የወርቅ ጉትቻ ሸጠች፤ አህያና ከመተማ ከመጣ ነጋዴ ግማሽ ኩንታል የገብስ ዘር ገዛች። አባትና ልጅ አብረው ሊወጡ ቀን ቆረጡ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀር ውባየሁ የሚባል ጎልማሳ የተቀደደ እጀ ጠባቡን ይዞልኝ መጣ። ከጋረደው ደብር በቅርቡ የወጣ ነው። እየሰፋሁ ስለ መሬቱ ጠየቅኩት።

«የጋረደው መሬት? ባለፈው ጥር ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰጠው። ሞቷል ብለን እርማችንን አውጥተናል። ቤቱንም አፍርሰው ለማገዶ ወስደውታል።»

እጀ ጠባቡን እንኳ አልጨረስኩለትም። ተነሥቼ ሮጥኩ። ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ደስም ብሎኛል፤ ነግሬሽ ነበር ለማለት የጓጓ ሰው ደስታ። ደብሪቱን ከዳሱ ጀርባ ስልቻ ስትሰፋ አገኘኋት። አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት።

መርፌዋን አላቆመችም። «ውባየሁ እኮ እኔ ዘንድ ሦስት ሻይ ጠጥቷል» አለችኝ። «ለአባቴ እንዳይነግርብኝ በማርያም ለምኜዋለሁ። አንተንም እለምንሃለሁ።»

«አብደሻል? ጉትቻሽን ሸጠሽ! መሬቱ የለም፣ ቤቱ የለም፣ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ?»

«ንገሪያቸውና እዚህ ይቅሩ ትለኛለህ? ልቤ እሺ አላለኝም፤ በየማለዳው ተነሥተው ያንን ገብስ በእጃቸው እየዘገኑ ያዩታል። ደግሞም ሞቱ ያሏቸው ሰው ቆመው ሲሄዱ ካዩ ምናልባት ከማኅበሩ ቁራሽ መሬት ይሰጧቸው ይሆናል። አላውቅም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ባይሰጧቸውም አንድ ቀን እዚያ በር ላይ ቆመው ይነገራቸዋል። ያን ቀን ብቻቸውን ይቁሙ?»

ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩና የውባየሁን እጀ ጠባብ ጨረስኩ።

የሚሄዱበት ጠዋት ጋረደው አህያውን ራሱ ጫነ። ማሰሪያውን ጠበቅ፣ ደግሞ ፈታ እያደረገ፣ ስልቻውን እየዳበሰ አሥር ጊዜ ዞረው። ፊቱ የሠርገኛ ፊት ነበር። ደብሪቱ ዳሷን ለእኔ ትታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከጎኑ ቆመች። ሽማግሌው ሊሰናበተኝ ቀርቦ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ስለሺ፣ ይህ ገብስ በጥቅምት እሸት ይደርሳል። አንተ ለልጄ ምስክር የቆምክ ሰው ነህ፤ መጥተህ ቤቴን ማየት አለብህ። ማንንም አትጠይቅ፣ ምንጩ ያለበት ቤት ነው። ትመጣለህ?»

ደብሪቱ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«እመጣለሁ አባቴ» አልኩት። «እሸቱ ሳያልፍ እመጣለሁ።»