አዳራሽ ይፈልጋሉ የተባሉት ምእመናን

የቁምስናችን ምክር ቤት ሰብሳቢ ሰው ሲጠይቅ መልሱን አስቀድሞ በኪሱ ይዞ ነው። «ስብሰባው ቅዳሜ ይሁን ወይስ እሑድ?» ይለናል፤ እኛ እሑድ ይሁን ብለን ስንከራከር እሱ ቃለ ጉባኤው ላይ ቅዳሜ ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ቢሮ ኃላፊ ነበር። ድርጅቱ ሲወረስ በጡረታ አሰናበቱት፤ ያጣውን ወንበር መልሶ ያገኘው እኛ ዘንድ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለችው ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኔ በፊቱ «እርስዎ» እለው ነበር። አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ ስላለኝ ትቼዋለሁ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አባቴ ከእምድብር ሲመጣ ካቶሊክነቱን ይዞ ስለመጣ እኛም ካቶሊኮች ሆነን አደግን፤ የሰፈር ልጆች «ጣሊያን ናችሁ እንዴ?» እያሉ ያሾፉብን ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሄደ ሰው ከቀበሌ ስብሰባ ቀርቶ ከሆነ ይጠየቃል። ስለዚህ ቁምስናችን ብዙም ሰው አልነበራትም፤ የነበሩትም ከኋላ ተቀምጠው በር በር የሚያዩ ነበሩ።

በዚያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ዕቅድ ዕቅድ ይል ነበር። ፋብሪካው ዕቅድ አለው፣ እርሻው ዕቅድ አለው፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ባይኖረውም ዕቅድ ግን አላጣም። ነገሩ ቤተ ክህነትም ደረሰ መሰለኝ፣ ከጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ መጣ። ምእመናናችሁ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቁ፤ በመልሳቸው ላይ ተመሥርታችሁ የመጪዎቹን ዓመታት ዕቅድ አውጡ ይላል። ጥሩ ትእዛዝ ነበር። ችግሩ ሰብሳቢያችን እጅ መግባቱ ነው።

ሰብሳቢው ከዚያ በፊትም አዳራሽ ይመኝ ነበር። መድረክ ያለው፣ እሱ ቆሞ የሚናገርበት አዳራሽ። ቆሞሳችን፣ የቤተ ክርስቲያኗ አለቃ አባ፣ ሰላም ወዳድ ሰው ነበሩ። ሰላም ወዳድ ስል ጠብ የሚፈሩ ማለቴ ነው። መጠይቁን እንዲያዘጋጅ ለሰብሳቢው ሰጡትና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

እሱ በእጁ ጽፎ አምጥቶ ስቴንስል ላይ እንድመታለት ሰጠኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚሠራው አዳራሽ ትልቅ ይሁን ወይስ መካከለኛ?» ይላል። ቀጥሎ ያለው አዳራሹ በየትኛው በኩል ይሁን ይላል። ከዚያ የጣሪያው ነገር፣ ከዚያ የአግዳሚው። ሁሉንም አንብቤ ስጨርስ፣

«ጋሼ፣ አዳራሽ የማይፈልግ ሰው የቱ ላይ ምልክት ያድርግ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «መካከለኛ የሚለው ላይ» አለኝ።

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ይህ ሰው ቀልዶ አያውቅም።

በዚያ ዘመን ወረቀት ማባዛት ፈቃድ ይጠይቅ ነበርና ስቴንስሉን ይዘን ቀበሌ ሄድን። የተቀበለን ካድሬ እኔን የሚያክል ወጣት ነው፤ እግሩን ዘርግቶ እያንዳንዷን ቃል አነበበ። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣና «አንድ ጥያቄ ይጨመርበት» አለ። የጨመረው ይህ ነው፤ «አዳራሹ ሲሠራ ሰፊው ሕዝብ እንዲገለገልበት ይስማማሉ?»

ሰብሳቢው ተነሥቶ አመሰገነ። መንገድ ላይም ደስታው አልበረደም። «አየሽ፣ ጥያቄያችንን አበለጸጉልን» አለኝ።  ያ ካድሬ ወረቀት ላይ የሚጨምረው ነገር ለጌጥ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ብልህነት አይጠይቅም፤ ሰፈሩ ውስጥ መኖር ይበቃል። እሱም እዚያው ነበር የሚኖረው።

መጠይቁን አድሎ ተሞልቶ ሲመለስ መሰብሰብ ይቻል ነበር። ሰብሳቢው ግን ምእመናኑን ከወረቀቱ ጋር ብቻቸውን መተው አልፈለገም። ግማሹ ማንበብ አይችልም የሚል ምክንያት ሰጠና ቤት ለቤት እየዞርን እሱ ሲጠይቅ እኔ ወረቀት አቀባይ ሆንኩ።

የመጀመሪያዋ ሴትዮ ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች በሯ ላይ ስታይ «ስኳር መጣ እንዴ?» አለች። አለመሆኑን ስትሰማ ፊቷ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ያልናትን ሁሉ «እሺ» እያለች ቶሎ አሰናበተችን። ቀጥሎ የሄድንበት የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ መጀመሪያ ያየው ጥያቄውን ሳይሆን ማኅተሙን ነው።

«ይሄ የቀበሌ አይደለም እንዴ?»

«የማባዣ ፈቃድ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«ሌሎቹ ምን አሉ?»

«ተስማምተዋል።»

«እንግዲያው እኔም ተስማምቻለሁ» አለና በገዛ ሳሎኑ፣ ሚስቱና እኛ ብቻ ባለንበት፣ ቀኝ እጁን አወጣ። ልማድ ሆኖበት ነው። ሚስቱም አይታው አወጣች። ሰብሳቢው ሁለቱንም «ትልቅ» በሚለው ላይ መዘገባቸው።

እውነቱን ለመናገር ለእነሱም ንቀት አድሮብኝ ነበር። ቅዳሴ ላይ እንደ አንበሳ የሚያዜም ሰው ለአንድ ወረቀት እንዲህ ይርበደበዳል ብዬ። ነገር ግን የሾፌሩ ወንድም ተወስዶ እንዳልተመለሰ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ለእሱ የነበረኝን ንቀት ከዚያው ሳሎን ሳልወጣ ወደ ሰብሳቢው አዛወርኩት፤ እሱ ጋ ቦታ ነበረው። ሰውየው እጅ የሚያወጣው ፈርቶ እንደሆነ እያወቀ ደስ ይለው ነበር።

የመጨረሻዋ ቤት ሩቅ ናት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ መሐል። እዚያ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከአጋሜ የመጡ ካቶሊክ ናቸው፤ የሞቱት ባላቸው የደን ጠባቂ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ የማርያም ደጅ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ድሮ በየእሑዱ ያንን ቁልቁለት ወርደው ከፊት ወንበር ሲቀመጡ አስታውሳቸዋለሁ። ከዚያ ጠፉ። ጠፉ ብለን ዝም አልን፤ የት ገቡ ያለ አልነበረም።

ሰብሳቢው ዳገቱን እያለከለከ ወጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ያራግባል። እማማ ደጃቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸው አብጦ በጨርቅ ታስሯል።

«እናቴ፣ ከቁምስናው ነው የመጣነው። ስለ መጪው ጊዜ ዕቅድ አስተያየትዎን ልንጠይቅዎ።»

«አባ ናቸው የላኩህ?»

«አዎ።»

«እሳቸውስ ምነው አልመጡ?»

ሰብሳቢው ይህን እንዳልሰማ ሆኖ ወረቀቱን ዘረጋ። «መጀመሪያ፣ አዳራሹ ትልቅ ይሁን ወይስ መካከለኛ?»

«የምን አዳራሽ?»

«ታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሚሠራው።»

እማማ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እኔ ከዚህ እስከ ጎረቤቴ ደጅ መሄድ አቅቶኛል፤ አንተ አዳራሽ ትለኛለህ። ከቆረብኩ ሁለት ፋሲካ አለፈኝ። ይልቅ ጻፍልኝ። አባ ቁርባን ይዘው ይውጡልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

«ይሄ መጠይቁ ላይ የለም፣ እናቴ።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?»

 እስክሪብቶውን አነሣና «መካከለኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። አጠገቡ ቆሜ እያየሁት ነው። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ያሉት የተጻፈላቸው መስሏቸው «እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት። እሱም «አሜን» አለ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እሳቸው እኮ ያንን አላሉም።»

«ዕቅድ ማለት የብዙኃኑ ፍላጎት ነው። የአንድ ሰው ጉልበት ዕቅድ ውስጥ አይገባም።»

«ብዙኃኑስ መቼ ተጠየቀ?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አለኝና ወደፊት ተራመደ።

ውጤቱ ከቅዳሴ በኋላ ተነበበ። ሰብሳቢው ክራቫት አስሯል። ምእመናን በሙሉ ድምፅ አዳራሽ እንደሚፈልጉ፣ ልዩነታቸው በስፋቱ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ሰፊው ሕዝብ እንዲገለገልበትም አንድም ተቃውሞ እንዳልቀረበ አስረዳ። ያን ጊዜ ተነሥቼ እንጦጦ ያሉት እማማ ያሉትን ቃል በቃል ተናገርኩ።  ሰዉ ጫማውን ያይ ጀመር። ሰብሳቢው «አስተያየቱ ተመዝግቧል» አለ፤ የትም አልተመዘገበም። ዓይኔን ወደ አባ መለስኩ። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በሁለተኛው ምዕራፍ እናየዋለን» አሉ። ቁርባን ለሚለምን ሰው ምዕራፍ የሚቆጥር ካህን ያየሁት ያን ቀን ነው። ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ተሠራ። ሰዉ ካለችው ላይ አዋጣ፤ ቆርቆሮው መጣ፣ መድረኩም ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ምረቃው ላይ ካድሬው ከፊት ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው በመድረኩ ላይ ቆሞ ስለ ዕቅድ ረጅም ንግግር አደረገ። በሕይወቱ የተደሰተበት ቀን እሱ ሳይሆን አይቀርም። ብዙም አልቆየለትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካድሬው የራሱን ቁልፍ ይዞ መጣና አዳራሹን ቆለፈው። ከዚያ ወዲያ የውይይት ክበቡም፣ የሴቶች ማኅበሩም፣ የመሠረተ ትምህርቱም እዚያ ሆነ። የቀበሌው ስብሰባ ደግሞ እሑድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴያችን ሰዓት።

ሰብሳቢው አቤት ሊል ሲሄድ እኔን ለምስክርነት ይዞኝ ሄደ። ካድሬው አልተቆጣም። እንዲያውም ትሑት ነበር።

«ጓድ፣ ሕዝቡ ያለ አንድ ተቃውሞ የተስማማበት ጉዳይ እኮ ነው» አለ። «ጥናቱን ያካሄዱት እርስዎ ነዎት።»

ሰብሳቢው ባርኔጣውን አነሣና ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ በሠራው አዳራሽ፣ በመረጠው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያወጣ አየሁት፤ ግድግዳውን አልፎ የቅዳሴያችን ዜማ ይሰማል። ወር ሳይሞላ ደግሞ ወሬውን ለወጠ። አዳራሹ ባይኖር ኖሮ ቀበሌው ቤተ ክርስቲያኑን ይወስደው ነበር፤ እሱ ይህን አስቀድሞ ስላየ ነው አዳራሽ ያሠራው አለ። ያመኑትም ነበሩ።

እኔ አንድ ቅዳሜ አባ ክፍል ገባሁና «አባ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው?» አልኳቸው። ፊታቸው ቀላ። መጽሐፋቸውን ዘጉና «ቤታቸው የት በኩል ነው?» አሉኝ። ለምን እንደተነሡ አላውቅም። ጸጸት ነው ብዬ እንዳላመሰግናቸው፣ አዳራሹ ከተወሰደ ወዲህ እዚያ የሚሰጡት የቅዳሜ ትምህርት ቀርቶ ቅዳሜያቸው ባዶ ሆኖ ነበር።

ክረምት ነበር። አባ ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ወደቁ፤ ቁርባኑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘውት ስለነበር በክርናቸው ነው ያረፉት። ስንደርስ እማማ ከመደባቸው ሳይነሡ አዩአቸውና «ቆዩብኝ» አሉ። ሌላ ወቀሳ አልጨመሩም። አባ በጭቃ ልብሳቸው ተንበረከኩ። እኔ ኑዛዜው እስኪያልቅ ውጭ፣ ጣሪያው ሥር ቆምኩ።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ ከማዶ ያለው ሸማኔ መጥቶ «ቄሱ የማን ናቸው?» አለኝ። ነገርኩት። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም እኮ ካቶሊክ ነኝ» አለ። ከከምባታ የመጣ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹም። ሕፃኗ አልተጠመቀችም። ዓመታት ሙሉ እማማን በየቀኑ እያያቸው የአንድ ሃይማኖት ሰዎች መሆናቸውን ሁለቱም አያውቁም። የቁምስናው መዝገብ ላይ ስላልነበረ እኛም በሩን አላንኳኳንም። አባ በየወሩ መውጣት ጀመሩ፤ ሕፃኗ በእማማ ቤት ተጠመቀች፤ ስሟን ያወጡላትም እማማ ናቸው።

የዓመቱን ሪፖርት ሰብሳቢው እንድመታለት አመጣ። «በዕቅዱ መሠረት የእንጦጦ ንዑስ ጣቢያ ተከፍቷል» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዕቅዱ ላይ አልነበረም» አልኩት።

«በመንፈሱ ነበረ» አለኝ።

ወረቀቱን መለስኩለት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለምክር ቤቱ አንድ ፊደል አልመታሁም። ሌላ ታይፒስት አገኘ።

አባ ወደ ሌላ ቁምስና ተዛውረው ሲሄዱ አዲሱ ቆሞስ ወጣት ነበሩ። በመጡ በሁለተኛው ቀን ዳገቱ ላይ ያሉትን ሰዎች እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ሰብሳቢው ሊሸኘን ስለ አዳራሹ አመጣጥ እየተረከላቸው ከግቢው በር ድረስ መጣ። ማታውን ዘንቦ መንገዱ አንሸራታች ነበር፤ እሱ ጫማውን አየና ከበሩ አላለፈም።