በእጅ ብልጫ የተመረጠው ፓምፕ

ዛሬ ቆቦ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እጄን አውጥቼ ድምፅ ሰጠሁ።

የወንድሜ ልጅ ለፔንሲዮኑ የሙቅ ውሃ ገንዳ አሠርቶ ፓምፕ ግዛልኝ ብሎኝ ነው። ሻጩ «ትልቁ ይሁን?» ሲል እጄ ብድግ! የደርግ ጊዜ ልማዱ ነዋ።

ያኔ አንድ ባለሥልጣን ሊጎበኙን ነው ተብሎ ለእንግዳ ማረፊያው ሙቅ ገንዳ ተሠራ። የፓምፑ ምርጫ ለቀበሌ ስብሰባ ቀረበ።

ቧንቧ ሠራተኛው አያ ይማም «ወላሂ፣ ትልቁ የማሽላ ማሳ ማጠጫ ነው። በዚች ቀጭን ቧንቧ ላይ ከገጠማችሁት መጋጠሚያውን ይፈነቅለዋል» አለ።

ሊቀመንበሩ «ትንሹን የሚመርጥ አድኃሪ ነው!» አሉ።

ሁላችንም ለትልቁ እጅ አወጣን። ይማምም አወጣ።

ባለሥልጣኑ ገንዳው ውስጥ ገቡ። ፓምፑ ሲነሳ መጋጠሚያው ተፈናጠረ፤ ውሃው ሰውየውን ከነሳሙናቸው አንስቶ ደጅ ጣላቸው።

እኛ ደጅ ለአቀባበል ተሰልፈን ስለነበር አጨበጨብን።

በማግስቱ ይማም ግለ ሂስ አድርግ ተባለ። ተነስቶ «ልክ መሆኔ ስህተት ነበር» አለ።

ዛሬም ሱቁ ውስጥ አብሮኝ ነበር። ግራ ቀኙን አይቶ በጆሮዬ «ትንሹን በል» አለኝ።

ሻጩ ደግሞ «እህሳ፣ ትልቁ ይሁን?» ሲል ግን የይማም እጅ ከኔ ቀድሞ ወጣ።

የእናንተስ እጅ፣ ሳያማክራችሁ የሚወጣው ምን ስትባሉ ነው?