የእትዬ ወርቅአየሁ ዕድሜ

የሞያሌን ሰው ዕድሜ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ የለም። ሱቄ በኬንያ በኩል ካለው የመንግሥት ቢሮ ፊት ለፊት ነው፤ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማንበብ ለማይችል ፎርም እሞላለሁ። እዚህ ኪፓንዴ የምንለው መታወቂያ እጄ ከገባ ሳላነበው አልመልስም። እናቴ “ሳምሪ፣ የሰው ነገር ምን ያደርግልሻል?” ትለኛለች። ምንም አያደርግልኝም፤ ግን ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከማንበብ ብዛት አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። የእኛ አካባቢ ሽማግሌና አሮጊት ከሞላ ጎደል ሁሉም የተወለዱት ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። መዝጋቢው ቀኑን የሚነግረው ሲያጣ ያቺኑ ይጽፋል፤ ዓመቱንም ፊት አይቶ ይገምታል። ስለዚህ የእትዬ ወርቅአየሁ ኪፓንዴ እጄ ሲደርስ ዓይኔ ቀኑ ላይ ቀረ። ጃንዋሪ 23፣ 1945 ይላል።

ጊዜው በኬንያ አቆጣጠር 2017 ነበር። መንግሥት ሰባ ዓመት ለሞላው ሁሉ በየወሩ ሁለት ሺህ ሽልንግ ሊሰጥ ነው ተብሎ፣ ያገሩ አሮጊትና ሽማግሌ በሙሉ ሱቄ ደጃፍ ተሰልፏል። ገንዘቡን ሁሉም “ፔሳ ያ ዋዜ” ይለዋል፤ የሽማግሌዎች ገንዘብ ማለት ነው።

“እትዬ፣ እውነት ጃንዋሪ ሃያ ሦስት ነው የተወለዱት?” አልኳቸው።

“ኧረ መስከረም ሃያ ሦስት ነው! አባቴ ዳዊታቸው ጀርባ ላይ ጽፈውታል፤ መስከረም ሃያ ሦስት ቀን 1945። ቢሮ ሲጠይቁኝ፣ በአንደኛው ወር፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን ብዬ ነገርኳቸው።”

በጣቴ ቆጠርኩ። የነገሩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ መዝጋቢው በራሱ አቆጣጠር ጻፈው። በኬንያ አቆጣጠር የተወለዱት በ1952 ነው። በወረቀት ሰባ ሁለት፣ በእውነት ስልሳ አራት!

“ታዲያ እትዬ፣ ሰባ አልሞላዎትም እኮ!”

ወደ ሰልፉ ዞር ብለው አዩና “ወረቀቱን እኔ አልጻፍኩት” አሉ። ኮፒያቸውን ይዘው ወጡ። ስማቸውም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

አልፈረድኩባቸውም። እትዬ ወርቅአየሁ የአንኮበር ሰው ናቸው። ወታደር ባላቸውን ተከትለው ድንበር ተሻገሩ፤ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ገብተው ባላቸውን እዚያው ቀበሩ። ካምፑ ሲዘጋ ውሃ በቦቴ የሚያመላልስ ሁካ የሚባል የቦረና ሰው አገባቸውና ኦዳ መንደር ወዳለው ግቢው አመጣቸው። ኪፓንዴውንም ያገኙት በእሱ በኩል ነው። ሁካ ሲሞት ዘመዶቹ “ሐበሻዋ ወደ አገሯ ትሂድ” ሲሉ፣ የሁካ ታላቅ እህት አኮ ዳሃቦ በሩ ላይ ቆማ “እሷ ስትወጣ እኔም እወጣለሁ” አለች። አኮ ማለት አያት ማለት ነው፤ አሮጊት ሁሉ እንዲያ ትጠራለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ባንድ ግቢ እየተነታረኩ ይኖራሉ።

እትዬ የሚኖሩት የነጋዴው የነቢልን የተቀደደ ጆንያ በወስፌና በሲባጎ እየሰፉ ነው። ዓይናቸው ግን እየደከመ መጥቷል። የሰፉት ጆንያ ሚዛን ላይ ተተርትሮ ባቄላ መሬት ሲፈስ አይቻለሁ። ነቢል ሰው ነው፣ ዝም ይላል፤ የሚልክላቸው ጆንያ ግን በየሳምንቱ ያንሳል። ያቺ ሁለት ሺህ ሽልንግ ለእሳቸው ወስፌውን የምታስጥል ነበረች።

አኮ ዳሃቦ ግን አልተመዘገበችም። ኪፓንዴዋ ጃንዋሪ 1፣ 1953 ይላል። መዝጋቢው ያን ጊዜ ፊቷን አይቶ ነው የገመተው፤ አጥንቷ ጠንካራ ነው፣ ጥርሷም ሙሉ ነው። የምዝገባው ኃላፊ፣ ከታች አገር፣ ከመሃል ኬንያ የመጣው ፖል፣ “ገና ነሽ፣ ማማ” ብሎ መለሳት። ስትጮህበት ጊዜ “ዕድሜሽን የሚያውቅ ምስክር አምጪ፤ ምስክሩን አያይዤ ለሆስፒታል እጽፍልሻለሁ” አላት።

ከእትዬ ወርቅአየሁ ሌላ ማን አለ? የበኩር ልጇ ጉዮ ሞቷል፤ እኩዮቿም አልቀዋል። እትዬ ስዋሂሊያቸው ከገበያ አያልፍምና አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ። ባይጠሩኝም እሄድ ነበር።

ፖል ብዕሩን አዘጋጅቶ እትዬን “ይቺን ሴት ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂያት?” አለ።

“ኦዳ ከገባሁበት ከ1993 ጀምሮ፣ በእናንተው አቆጣጠር” አሉ እትዬ። “ያን ጊዜ ልጇ ጉዮ ልጆች ወልዶ ነበር። ከእኔ የሚያንሰው አምስት ዓመት ብቻ ነበር።”

ተረጎምኩ። ፖል ጻፈና ቀና አለ። “አንቺስ ራስሽ ያን ጊዜ ስንት ዓመትሽ ነበር?”

ጥያቄውን እያስተላለፍኩ በልቤ አሰላሁ። በእትዬ ኪፓንዴ መሠረት አርባ ስምንት ነው። አርባ ስምንት ቢሉ ጉዮ አርባ ሦስት ይሆናል፣ ዳሃቦ እንዲያውም ታረጃለች፣ ሁለቱም ይከፈላቸዋል። ሒሳቡን ከእኔ በቀር የሠራው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

“አርባ” አሉ እትዬ።

ወደ ፖል ዞርኩ። አርባ ስምንት ብዬ ብተረጉመው ማን ያውቃል? ፖል አማርኛ አይሰማም። እውነቴን ነው፣ ልለው ነበር።

“ሳምሪ፣” አሉኝ፣ “አርባ ነው ያልኩት።”

አሮባይኒ አልኩ፤ በስዋሂሊ አርባ ማለት ነው። ፖል ብዕሩን አስቀመጠ። ዝርዝሩን ገለጠ፣ ስማቸውን አገኘ፣ ወረቀት ላይ ደመረ፣ ቀነሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ እንድጠይቃቸው አደረገኝ። ሁለት ጊዜም አርባ አሉ። ከዚያ በስማቸው ላይ መስመር አሰመረ፤ ጉዮ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ቢሆንም እናቱ በ1953 ልትወለድ አትችልምና ለዳሃቦ ደብዳቤውን ጻፈላት።

ደጅ ስንወጣ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ። “ሲመዘገቡ ዝም ብለው የለ? አሁን ምን ነካዎት?”

“ያን ጊዜ ወረቀቱ ነው የዋሸው፤ እኔ ዝም አልኩ” አሉ። “ዛሬ ግን ምስክር ብለው አቆሙኝ። በገዛ አፌ ልዋሽ?” ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ ሳቁ። “ጠዋት ሰባ ሁለት ነበርኩ፤ አሁን ስልሳ አራት። ይህን የመሰለ ሕክምና የት ይገኛል?”

አኮ ዳሃቦ አልሳቀችም። “ዋላሂ አንቺ ሞኝ ነው! ሁለት ሰው ይበላል ነበር፣ አንድ አደረግሽ!” ብላ በሞተር ብቻዋን ወደ ኦዳ ሄደች። ከዚያ በኋላ ባንድ ግቢ እየኖሩ ወራት ሙሉ አላናገረቻቸውም። እኔ በየሳምንቱ ሰበብ ፈልጌ እየሄድኩ አይ ነበር። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ወስፌውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ይሰፋሉ፤ ዳሃቦ ጀርባዋን ሰጥታ ፍየሎቿን ታልባለች።

የዳሃቦ ጉዳይ ከሆስፒታል ቢሮ፣ ከቢሮ ሆስፒታል ሲመላለስ ዓመቱ ተለወጠ። በመጨረሻ ተፈቀደላትና ፎርም ልታስሞላ ሱቄ መጣች። እትዬ ወርቅአየሁ ከኋላዋ በር ላይ ቆሙ፤ ማን እንደጠራቸው አላውቅም።

ፎርሙ አንድ ክፍት ቦታ አለው። ባለመብቷ ብትታመም ወይም መምጣት ቢያቅታት፣ ገንዘቡን በአሻራው የሚቀበልላት ሰው ይጻፍበታል። ሰው ሁሉ ልጁን ያስጽፋል። ዳሃቦም ኡራን በሚባል ቦታ ከብት የሚጠብቁ የልጅ ልጆች አሏት።

“ማን ልበል፣ አኮ?”

“ወርቅአየሁ” አለች፣ ወደ በሩ ሳትዞር።

“ዝምድና?” የወንድም ሚስት ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አስጠግቼ ነበር።

“ታናሽ እህት።”

እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔም እንዳለችው ጻፍኩ።

“ዕድሜዋስ?” አልኩ።

“ስልሳ አምስት ሆኗል። ደህና አድርገሽ ጻፊ” አለች ዳሃቦ። “በጣም ውድ ዕድሜ ነው፤ ከፍለንበታል።”