ጋሽ ጸጥታና የምትንበረከከው መኪና

ጋሽ ጸጥታ ስማቸው ሌላ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነው ሲያገለግሉ ከአፋቸው የማትጠፋው ቃል ግን «ጸጥታ» ነበረች። በሰልፍ ላይ ጸጥታ፣ በፈተና ክፍል ጸጥታ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ ደግሞ የሚናገሩት እሳቸው ብቻ ሆነው ሳለ ጸጥታ። ተማሪዎች ያወጡት ስም የግቢውን አጥር ዘሎ ሰፈር ገባ። እየቆየ ባለቤታቸውም ስልክ ሲያነሱ «ቤት ውስጥ ጸጥታ የለም፣ ወጥቷል» ማለት ለመዱ።

ጡረታ በወጡ በአምስተኛው ወር መኪና ገዙ። ዝም ብሎ መኪና አይደለም። ከፍ ያለች፣ ጥቁር፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት መስታወት፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ፣ በዘመኗ ትልልቅ ሰዎች የተንፈላሰሱባት ሀይብሪድ ነበረች። ዘመኗ ካለፈ እንግዲህ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሻጩ የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኖ ሲነዳት መኪናዋ ኮሽ ሳትል ተንቀሳቀሰች። ጋሽ ጸጥታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰው ልጅ ሲለምኑት የኖሩትን ነገር አንድ ማሽን በፈቃዱ ሲሰጣቸው አዩና ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ባለቤታቸው አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ገና በሥራ ላይ ነበሩ። እሳቸው ሞተሩን ባለሙያ አይቶት እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ጸጥታም ድምፅ የሌለው ሞተር ምኑ ይታያል ብለው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ተለወጠ። ለሠላሳ ዓመት በእግራቸው ሲያልፉ ቀና ብሎ የማያያቸው ባለሱቅ አሁን ከባንኮኒው ወጥቶ እጅ ይነሳል። ጋሽ ጸጥታም ሰላምታው እንዳይባክን መኪናዋን ከበራቸው ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ያቆሟት ጀመር። ግቢው ጠባብ ነው ይሉ ነበር፤ ግቢው ግን አውቶቡስ ያሳድራል። በየማለዳው ሰው ወደ ሥራ በሚጎርፍበት ሰዓት የውሃውን ጎማ ይዘው ይወጡና ከጣሪያዋ ጀምረው ግማሽ ሰዓት ያጥቧታል። ከመኪናዋ አራት ጎማዎች አንዱን ሁልጊዜ ሳያጥቡ ያስቀራሉ፤ የድሮ ባልደረባ መምህር ዘግይቶ ባጠገባቸው ካለፈ የሚታጠብ ነገር እንዳይጠፋ።

በሁለተኛው ወር አንድ ማለዳ ሲወጡ መኪናዋን በኋላ ግራ እግሯ ተንበርክካ አገኟት። ባለሱቁ ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀ። ዘመናዊ መኪና ተሳፋሪ በቀላሉ እንዲገባ ዝቅ እንደምትል አስረዱት። በአንድ ጎን ብቻ ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ተሳፋሪ አለ አሉት። ሞተሯ ሲነሳ እየተነፋች ቀና ስላለች ማብራሪያው ለጊዜው ሠራ።

ችግር ግን ብቻውን አይመጣም። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቢጫ መብራት በራ፤ በሳምንቱ ዘጠኝ ሆኑ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። የኋላው በር፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት በያዛቸው ቁጥር፣ በገዛ ፈቃዱ ይከፈታል፤ ከኋላ የቆሙ ሰዎች ጋሽ ጸጥታ ዕቃ የሚያሳዩአቸው እየመሰላቸው አጎንብሰው ያያሉ። በሌላ ቀን ደግሞ መኪናዋ ከነቁልፏ ሙት ሆና ትገኛለች። ላይዋ ያብረቀርቃል፤ ውስጧን ለቄስ።

መጀመሪያ የሄዱት ሰፈሩ «ዶክተር» ወደሚለው መካኒክ ነበር። ዶክተር የተባለው የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለሚያዳምጥ ነው። የጋሽ ጸጥታን ሞተርም ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ሞተሩ አልተነሳም ነበር። ከዚያ በሽታው የልብ ነው አለና መኪናዋን ከሚያስኬደው ትልቅ ባትሪ ውስጥ ሁለት ክፍል አውጥቶ ከወደቀ መኪና የተነቀሉ ሁለት ከተተበት። መኪናዋ ስምንት ቀን ደህና ሆነች።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ይህኛው ጋራዡ ውስጥ ዘይት አይነካም፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በሽታ የምታነብ ማሽን ይሰካል። ማሽኗ ሃያ ሦስት በሽታ አነበበች። ሰውየው አንድ ቁልፍ ተጫነና ሃያ ሦስቱንም ሰረዛቸው። መብራቶቹ ጠፉ። ጋሽ ጸጥታ አመስግነው ቤታቸው ሳይደርሱ ሰባቱ ተመልሰው በሩ። አምስት ጊዜ ተመላለሱ። በስድስተኛው ባለማሽኑ ሰለቸውና ዳሽቦርዱን ፈትቶ መብራቶቹን ከውስጥ በጥቁር ፕላስተር ሸፈናቸው። ከእንግዲህ አያስቸግሩዎትም አላቸው። ጋሽ ጸጥታ ይህን ዘዴ ነውር ሆኖ አላገኙትም። እሳቸውም በዘመናቸው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ረባሽ ተማሪዎችን መጋዘን አስገብተው ዕቃ ያስቆጥሩ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ጸጥታ ሰፈነ።

አንድ ማለዳ ባለቤታቸውን ወደ ሥራ ሲያደርሱ፣ የሆስፒታሉን ቁልቁለት እንደጀመሩ የፍሬኑ ፔዳል እግራቸው ሥር ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግራቸው ቆሙበት። መኪናዋ ቀስ ብላ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ወደ ታች መውረዷን ቀጠለች። በዚያች ቅጽበት ጋሽ ጸጥታ መንገደኛው እንዲሰማቸው ብለው ጮኹ፤ ሰው ሁሉ ከመንገድ ሸሸ። የሆስፒታሉ በር አጠገብ ያለው የአበባ አጥር ውስጥ ገብተው ቆሙ። ማንም አልተጎዳም። ባለቤታቸው ወርደው ከነጭ ጋዋናቸው ላይ ቅጠሉን አራገፉ።

«ነገ በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አሉ። «አንተ ግን እነዚያን መብራቶች ግለጣቸው። የምታምጥ ሴት አፏን ስላፈኗት ምጡ አይቀርላትም።»

የሆስፒታሉን አምቡላንሶች የምትጠግን አንዲት የመኪና ኤሌክትሪሺያን እንዳለችም ነገሯቸው። መኪናዋ ተጎትታ ወደዚያች ሴት ጋራዥ ሄደች። ሴትዮዋ አርባ ዓመት ቢሞላት ነው። ጋሽ ጸጥታ ሲገቡ ሳታስበው ቀጥ ብላ ቆመች፣ እጇንም ከኪሷ አወጣች። «ቲቸር» አለቻቸው። እሳቸው አላወቋትም።

ካቻቢቴም ማሽንም አላነሳችም። ወንበር ሰጥታቸው ትጠይቃቸው ጀመር፦ የቱ ችግር ቀደመ፣ በስንት ሰዓት ይብሳል፣ በዝናብ ነው በፀሐይ። እስከዚያ ቀን ማንም እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ፕላስተሩን ላጠች፤ ዘጠኙ መብራቶች እንደ ቀድሞው በሩ። ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ስትገልጥ ከሥሩ ኩሬ ነበር። መብራቶቹን፣ በሮቹንና የፍሬኑን ፓምፕ የምታንቀሳቅሰው ትንሿ ባትሪ እዚያ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኛት ኬብል አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ሊበጠስ ደርሷል። የትንኝ እጮች እየዋኙ ነበር።

አንድ ጣሳ ውሃ በጣሪያው መስታወት ዳር አፈሰሰች። ውሃው በመውረጃው ቱቦ አልፎ ከጎማው አጠገብ ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት። እሳቸውም እሷም ጆሯቸውን ቀሰሩ። የሚሰማው ወደ ውስጥ ሲንጠባጠብ ነው። የብስክሌት የፍሬን ሽቦ ቱቦው ውስጥ ሰድዳ ስትስብ ቅጠል፣ የዛፍ ፍሬና የሳሙና ቅርፊት አንድ እፍኝ ወጣ።

«መኪናዋ የት ነው የምትቆመው፣ ቲቸር?»

«ዛፍ ሥር። ቀለሟን ፀሐይ እንዳይበላው።»

«በስንት ቀን ትታጠባለች?»

«በየቀኑ» አሉ በኩራት። «ሌላ ሰው አይነካትም፣ እኔው ነኝ።»

ሴትዮዋ ሽቦውን በጨርቅ ጠረገች። «እንግዲህ በየቀኑ የሚያሰጥሟት እርስዎ ነዎት» አለች።

እሷ ግን ሁሉንም በውሃው አላላከከችም። የመብራቶቹ መብራት፣ የኋላው በር መከፈት፣ የማለዳው መሞትና የፍሬኑ መድረቅ የውሃው ሥራ ነው አለች፤ ባትሪዋ ስትደክም ፓምፑ ጉልበት ያጣል። መንበርከኳ ሌላ ጣጣ ነው። የኋላ ግራ ጎኗን የሚሸከመውን የአየር ከረጢት የሳሙና ውሃ ስትቀባው ባረጀው ላስቲክ ስንጥቅ ላይ አረፋ ፈላ። ጩኸቱም የራሱ ምክንያት ነበረው፤ የትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በነጭ የውሻ ጠጉር ታፍኗል። የቀድሞው ባለቤት ውሻ ከኋላ ወንበር ላይ ሲንፈላሰስ ኖሯል። ዶክተር የከተታቸው ሁለት ክፍሎችም ከሌሎቹ ጋር አቅማቸው ስለማይመጣጠን በሚመጣጠኑ መተካት ነበረባቸው።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ጋሽ ጸጥታ በየቀኑ ይመጡ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቁጭ ብለው ትእዛዝ መስጠት ሲጀምሩ ሴትዮዋ ማራገቢያውንና አንድ ብሩሽ እጃቸው ላይ አኖረች። ጠጉሩን እየነቀሉ ዋሉ፤ ምሳም ረሱ። በሦስተኛው ቀን ኬብሉን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የትምህርት ቤቱን ደወል ፈትታለች ተብላ እሳቸው ሦስት ሳምንት እንዳባረሯት ነገረቻቸው።

ጋሽ ጸጥታ ብሩሹን አስቀመጡ። ፊቷን አተኩረው ቢያዩም ልጅቷን አላገኟትም፤ ብዙ አባረዋል።

«ደወሉ ምን ሆኖ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አይደውልም ነበር። ልሠራው ነበር የፈታሁት።»

«ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ሳይደውል ቀረ» አሉ ጋሽ ጸጥታ። ለራሱ እንደሚናገር ሰው ቀስ ብለው ጨመሩ፤ «እኔ ደግሞ ተመችቶኝ ነበር።» ይቅርታ የሚባለውን ነገር ሲጠቀሙበት ስላልኖሩ ለመናገር ጊዜ ወሰደባቸው፤ ግን አሉት። እሷም ኬብሉን አጥብቃ መፍቻ እንዲያቀብሏት ጠየቀቻቸው።

የአየር ከረጢቶቹ በተራ የብረት ሞላ ተተኩ። መኪናዋ ከእንግዲህ አትንበረከክም፤ በምትኩ ጉድጓድ ሲገጥማት እንደ ጭነት መኪና ታንገጫግጫለች። ሴትዮዋ ሁለት ትእዛዝ ሰጠች፦ ግቢ ውስጥ ትደር፣ በውሃ ጎማ አትታጠብ፤ አቧራዋን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

ይህ ለጋሽ ጸጥታ ከጥገናው ሁሉ የከበደ ነበር። መኪናዋ አቧራ ስትለብስ ሰፈሩ በሌላ መንገድ ተረጎመው። ባለሱቁ ሰላምታውን ከባንኮኒው ውስጥ ማድረግ ጀመረ። አንዲት ጎረቤት ለባለቤታቸው አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል ብላ እጃቸውን ጨበጠች። አንድ ማለዳ ባለቤታቸው ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ጸጥታን የውሃውን ጎማ ይዘው መኪናዋ ጎን ቆመው አገኟቸው። ባለቤታቸው ሄደው ቧንቧውን ዘጉ።

ኤሌክትሪሺያኗ መኪናዋ በረጅም መንገድ ትፈተን ብላ ስለነበር፣ ባለቤታቸው የአራት ሰዓት መንገድ ርቀው ወደሚኖሩት የጋሽ ጸጥታ ታላቅ እህት እንሂድ አሉ። ጋሽ ጸጥታን አዝለው ያሳደጉ እህት ናቸው፤ ከተያዩ አራት ዓመት አልፏል። አቀበቱን ስትወጣ ጋሽ ጸጥታ ዓይናቸውን ከዳሽቦርዱ አልነቀሉም። አንድም መብራት አልበራም። ሲደርሱ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረጉ።

እህታቸው ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እህል ይለቅሙ ነበር። ወንድማቸውን አቅፈው ግንባራቸውን ሳሙ፤ በምን እንደመጡም ጠየቁ። ጋሽ ጸጥታ ወደ በሩ ዞረው በቤንዚንም በባትሪም እንደምትሄድ ማስረዳት ጀመሩ።

«መኪና ነው አትለኝም» አሉ እህታቸው። «በል ቁጭ በል፣ ጠጠሩ አልታየኝ ብሏል፣ ልቀምልኝ።»

ጋሽ ጸጥታ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ለአንድ ከሰዓት የመጡት ሰዎች ሦስት ቀን ቆዩ። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ጸጥታ መኪናዋን ለማየት አራት ጊዜ ወጡ፤ በማግስቱ አንድ ጊዜ። በሦስተኛው ቀን እህታቸው የልጅነታቸውን ነገር፣ ማን ማንን እንደመታ፣ ማን ዋሽቶ ማን እንደተገረፈ ያወሩ ጀመር። ጋሽ ጸጥታም አልዋሸሁም ብለው ጮክ ብለው ይከራከራሉ፤ እህታቸው ደግሞ ከእሳቸው ይበልጥ ይጮኻሉ። ባለቤታቸው ከውስጥ ሆነው ሁለቱን ሲሰሙ ቆዩና ሳቁ።