ሠንጠረዤ ውስጥ ያልነበረው ክኒን

መጀመሪያ ያቃጠለኝ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ሳለ ነው፤ ከእምብርቴ በላይ፣ ፍም የተቀመጠበት ያህል። ዐቢይ ጾም ገና መግባቱ ነበር። ልደታ አካባቢ ሁለት ክሊኒኮች ሄድኩ፤ ሁለቱም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዘዙልኝ። ስወስደው ይሻለኛል፣ ሳቆመው ይመለሳል። በሁለተኛው ወር ደረጃ መውጣት አቃተኝ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፈተና ደርሷል፣ እኔ ግን ተቀምጬ ነው የማስተምረው።

አንዲት ባልደረባዬ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ያሉ የናቹሮፓቲ ሐኪም ጠቆመችኝ። በአመጋገብ፣ በአኗኗርና በዕፅዋት ነው የሚያክሙት። የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል ለምትሉ፣ ጥያቄ ብቻ ነው። አራት ገጽ ቅጽ ሞላሁ። ከዚያ አባቴን የሚያህሉት ዶክተር ሁሉንም እንደገና ጠየቁኝ፤ እንቅልፌን፣ ቁርሴን፣ በልጅነቴ የታመምኩትን ሳይቀር። አንድ ሰዓት አለፈ። እኔ የሕመሙን ቀን፣ ሰዓትና ደረጃ በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ፤ እርሳቸው ስለ እንቅልፌ ይጠይቃሉ። ተናደድኩ።

ስለ ሰገራዬ ሲጠይቁኝ ደህና ነው አልኩ።

«ተማሪሽ እንዲህ ብሎ ቢመልስልሽ ስንት ትሰጪዋለሽ?»

ጥቁር ነው አልኩ። እንደ ሬንጅ። አሥር ቀን ሆነው።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ለሌላ ሕመም የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቁኝ። ለራስ ምታት፣ አይቡፕሮፌን። በየጠዋቱ። ክኒን ምግብ አይደለም ብዬ በባዶ ሆዴ እውጠዋለሁ፤ በጾሙ እህል የምቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሠንጠረዡ ላይ አልጻፍኩትም። የራስ እንጂ የሆድ አይደለማ።

«ሆድሽ ውስጥ እየደማሽ ሳይሆን አይቀርም። ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ፤ ያንን ክኒን ደግሞ ጨጓራ ያቆስላልና እንዳትነኪው።»

ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልሰጡኝም።

ሆስፒታል በጉሮሮዬ ያስገቡት ካሜራ፣ ኢንዶስኮፒው፣ የሚደማ የጨጓራ ቁስል፣ አልሰር፣ አሳየ። ደም ተሰጠኝ። አምስት ቀን ተኛሁ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ጉልበቴ የተመለሰው ቀስ እያለ ነው፤ መጀመሪያ እስከ ልደታ ማርያም በር፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሳላርፍ መራመድ ቻልኩ፣ ተማሪዎቼ ግን ያኔ በሌላ መምህር እጅ ተፈትነው ጨርሰው ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁለት ክሊኒክ ስመላለስ ሌላ የምውጠው ክኒን እንዳለ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ፣ ለየትኛውም ሕመም ይሁን፣ የምትውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። እኒያን ዶክተር ስላላከሙኝ አመሰግናቸዋለሁ። ሰገራችሁ ከጠቆረ ግን እርሳቸው ጋም አትሂዱ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።