የዳለቻው በሬ ጠባሳ

ሙሀመድኑር በጨፋ ሮቢት ከብት ገበያ ሃያ ዓመት ሙሉ በድለላ እንጀራውን የበላው ምላሱ ጣፋጭ ስለሆነ አልነበረም። ያኖረው ዓይኑና ጥያቄው ነው። አንዲት ላም ፊቱ ከቆመች እግሯን፣ ጡቷን፣ ጥርሷን አይቶ አይጠግብም፤ ባለቤቷን ደግሞ መውጫ መግቢያ ያሳጣዋል። «ቀንዷ ለምን ጎበጠ? በየትኛው ክረምት? እናቷም እንዲህ ነበረች?» ሚስቱ ረቢአ፣ «ይኼ ሰውዬ መለከል መውት ነፍሱን ሊወስድ ቢመጣበት እንኳ መንገዱ እንዴት ነበር እያለ ያስመሸዋል» ብላ ጎረቤት ታስቃለች።

ከብት የሚያስታውስበት መላ ደግሞ አለው። ደላላ ሁሉ ጉድለት ይፈልጋል፤ ዋጋ የሚወርደው በጉድለት ነዋ! እሱ ግን ጉድለቱን ፈልጎ ካገኘ በኋላ አይረሳውም። ስለዚህ በእጁ ያለፈውን ከብት ሁሉ የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በእንከኑ ነበር። ጆሮዋ የተተለተለችው የእገሌ ናት፣ ጅራቱ ያጠረው የእገሌ ነው ይላል። የጨፋ ገበሬ ደግሞ እንደ ቆላው አርብቶ አደር ከብቱን በብረት አያትምም። በሬው ላይ ጠባሳ ካለ፣ ያ ጠባሳ በዓለም ላይ የዚያ በሬ ብቻ ነው። ሙሀመድኑር እንዲህ ያምን ነበር፤ ገበያውም አብሮት ያምን ነበር።

በ1997 ዓ.ም. መስከረም ላይ ፖሊስ ጣቢያ ያስጠራውም ይኸው ዓይኑ ነው። እንድሪስ የሚባል ገበሬ ከግጦሽ የጠፋበትን ዳለቻ በሬ ሌላ ሰው እጅ አገኘሁት ብሎ ከስሷል። ሰውየው ኑርሁሴን ይባላል፤ ማዶ ያለው ቀበሌ ውስጥ የሚያርስ፣ ሚስቱ የደረሰች እርጉዝ የሆነችበት ጎልማሳ ነው። «ባቲ ገበያ፣ ሰኞ ቀን፣ ከማላውቀው አርብቶ አደር ነው የገዛሁት» ይላል። ደረሰኝህን አምጣ ሲሉት ሚስቱ ከሸሚዙ ጋር አጥባው የተድቦለቦለ ወረቀት አቀረበ። መርማሪው በጣቱ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ መልሶ ሰጠው።

ሙሀመድኑር በጣቢያው ግቢ በሬውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ቀለሙ ዳለቻ፣ ቀንዱ ወደ ፊት የተቀሰረ። በግራ ትከሻው ላይ ደግሞ ሦስት ቁም መስመርና አንድ አግድም የሚያልፍባቸው የቃጠሎ ጠባሳ። ልቡ ወዲያው አወቀው። ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ጠባሳ እያሳየ የወይፈኑን ዋጋ አስቀንሶ ለእንድሪስ ያስገዛው ራሱ ነበር።

«ነው!» አለ። «ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ብዳስሰው አውቀዋለሁ።»

ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቁርዓን ይዞ ማለና ይህንኑ ደገመው። ዳኛው፣ «እንዲህ ያለ ጠባሳ በሌላ ከብት ላይ አይተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁት። «ዋላሂ፣ አይቼ አላውቅም» አለ። እውነቱን ነበር፤ አይቶ አያውቅም። በኅዳር ወር ኑርሁሴን ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት፤ በሬውም ለእንድሪስ ተሰጠ። ሙሀመድኑር ከችሎቱ ሲወጣ ሰው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ አመሰገነው፤ እሱም ደስ ብሎት ነበር፤ ይህንን ደስታ ኋላ ሲያስታውሰው ያፍርበት ነበር።

ነገሩ በዚሁ ባለቀ ጥሩ ነበር። በየካቲት አንድ የገበያ ቀን ግን አቡበከር የሚባል ሰው አንዲት ቀይ ጊደር እየነዳ መጣ። ሙሀመድኑር እንደ ልማዱ በቀኟ በኩል ጀምሮ፣ በኋላዋ ዞሮ፣ በግራዋ ደረሰና ቆመ። ሦስት ቁም፣ አንድ አግድም።

አውራ ጣቱን አስቀምጦ ጠባሳውን ለካው፤ እንደገናም ለካው።

«ምነው አያ ሙሀመድኑር፣ ጊደሯ አስደነገጠችህ?» አለ አቡበከር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነዋ። ጥጃ ሳለች አባ ጎርባ የሚሉት በሽታ ይዟት ትከሻዋ እንዲህ አብጦ፣ ባቲ መንገድ ላይ ያለችው ዘምዘም በብረት ተኩሳት ዳነች። አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ጊደር ሆነች።»

ሙሀመድኑር ያን ቀን ሌላ ከብት አላየም። ቤቱ ገብቶ ለረቢአ ነገራት። እሷ የሚታጠብበትን ውኃ እያቀረበችለት፣ «ታዲያ አንዲት ጊደር ብትመስል ምን ይሆናል? አጋጣሚ ነው» አለችው። «አጋጣሚ ከሆነ መጠየቅ ምን ይጎዳል?» አለ። ረቢአ የባሏን ጠባይ ታውቃለችና ስንቁን ቋጠረችለት።

በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ከባቲ መለስ ካለች መንደር ወረደ። ዘምዘም ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ክንዷ የወንድ የሚያህል ሴት ናት፤ ብረቱን ከአባቷ ወርሳ ጥጃ ስትተኩስ የኖረች። «አካም ቡልቴ፣ እትዬ ዘምዘም» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲላት «ነጋ» ብላ መልሳ፣ የመጣበትን ሳትጠይቀው መቀመጫ ሰጠችው። እሱ ግን መቀመጫው ሳይሞቅ ጀመረ።

«ስንት ጥጃ ተኩሰሻል?»

«የራሴን ፀጉር ቆጥሬ አውቃለሁ? ባለፈው ዓመት ብቻ ከሠላሳ ይበልጣል።»

«ሁሉንም በዚሁ ምልክት?»

«ምልክት አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ሦስቱ እብጠቱን ይከፍሉታል፤ አንዱ መንገዱን ይዘጋበታል።»

«ሁሉንም ግራ ትከሻ ላይ?»

«ግራ።»

እዚህ ላይ ሙሀመድኑር ወደ ፊት ተጠጋ። በሽታው ሁልጊዜ በግራ አይነሳም፤ ይህንን ማንም ያውቃል። «ለምን ግራ?» አላት፤ አንድ ትልቅ ምስጢር ሊሰማ ጆሮውን አቀና።

«በቀኝ ጎኑ ስለማስተኛው።»

«ለምን በቀኝ ጎኑ?»

«አባቴ በቀኝ ያስተኛ ነበር። አንተ ሰው፣ ከብት ታምሞብህ ነው የመጣኸው ወይስ ልትመረምረኝ?»

ብረቱን አምጥታ አሳየችው። በአውራ ጣቱ ለካው፤ ልኩ ልክ ነው። ሙሀመድኑር ብረቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሰላ ጀመር። ይህች ሴትዮ በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት መቶ ከብት ላይ አንድ ዓይነት ጠባሳ አስቀምጣለች! ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ዳለቻ ነው? የስንቱ ቀንድ ወደ ፊት ይቀሰራል? እሱ በሬውን አላወቀውም ነበር፤ ያወቀው የዘምዘምን እጅ ነበር። በዚያ እጅ ምክንያት አንድ ሰው ከሚሴ ማረሚያ ቤት ውስጥ ተኝቷል።

«ፍርድ ቤት ቀርበሽ ይህንኑ ትናገሪያለሽ?» አላት።

«ብረቴን ካልወሰዱብኝ እመጣለሁ» አለች።

የኑርሁሴን ይግባኝ ከሚሴ ላይ ገና እየታየ ነበር። ጉዳዩን የያዘችው ነፃነት የምትባል ወጣት ተከላካይ ጠበቃ ናት። ሙሀመድኑር የደረሰበትን ሁሉ ሲነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችው።

«ጋሼ፣ ያኔ ምለው መስክረዋል። አሁን ቃልዎን ቢቀይሩ ዐቃቤ ሕግ በሐሰት ምስክርነት ሊከስስዎት ይችላል። ይህን ሳያውቁ እንዲገቡ አልፈልግም።»

«መዋሸትና መሳሳት በሕግ አንድ ናቸው?»

«አይደሉም። ግን ልዩነቱን ማስረዳት የእርስዎ ዕዳ ነው የሚሆነው።»

በዚያ ሳምንት ፈራ፤ በጣም ፈራ። ስለ መታሰሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ዓይኑም ነው የፈራው። «ተሳስቼ ነበር» ያለ ደላላ ማን ያምነዋል? ረቢአም በፊት ስታሾፍበት የነበረችው አሁን እያለቀሰች፣ «ማንም ሳይጠይቅህ ለምን ራስህን ታስገባለህ?» አለችው። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን በየገበያ ቀኑ ከብት በዞረ ቁጥር ግራ ትከሻ እንደሚጠብቀው አውቆታል። ሄደ።

ይግባኝ ሰሚዎቹ ተጨማሪ ማስረጃ ለመስማት ፈቀዱ። በሬው ከእንድሪስ ቤት ተነድቶ ግቢው ውስጥ ታሰረ። ዘምዘም ብረቷን በነጠላ ጠቅልላ መጥታ ጠባሳው ላይ አስቀመጠችው፤ ተገጣጠመ። ቀጥሎ የአቡበከርን ጊደር አቀረቡላት፤ በእሷም ላይ ተገጣጠመ። እንድሪስ ከአጥሩ ሥር ቆሞ አንድ ጊዜ በሬውን፣ አንድ ጊዜ ጊደሯን ያያል።

የመሐል ዳኛው ወደ ሙሀመድኑር ዞሩ። «እንግዲህ ይህ በሬ የአቶ እንድሪስ አይደለም እያሉ ነው?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«የኑርሁሴን ነው?»

«እሱንም አላልኩም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«ሂን ቤኩ፣ ጌታዬ! አላውቅም! ያኔም አላውቅም ነበር፤ የማውቅ መስሎኝ ነው የማልኩት። ይህንኑ ልናገር ነው የመጣሁት።»

ችሎቱ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ዐቃቤ ሕጉም ለመክሰስ አልተነሳም፤ «ይህን ካለ ምን እለዋለሁ» ብሎ ለነፃነት ሹክ እንዳላት ኋላ ተሰማ። በሚያዝያ ኑርሁሴን በነፃ ተለቀቀ፤ በሬውም ከእጁ ስለተወሰደ ለእሱ እንዲመለስ ታዘዘ። በእስር ቤት ሰባት ወር ቆይቷል።

እንድሪስ በሬውን ያስረከበው ሙሀመድኑር ባለበት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አንጀቱ ተቃጥሏል። «እሺ፣ እኔ ሌባ አልልህም» አለ ለኑርሁሴን። «ግን የእኔስ በሬ የት ገባ?» ገመዱን ሰጠውና ቤቱ ገባ።

ኑርሁሴን በሬውን ይዞ ሲወጣ ሙሀመድኑር ተከተለው። ከመንገዱ ዳር ደረሰበትና፣ «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ፤ አፉ በለኝ» አለው።

«ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አመስግኖ ይመለስ ነበር። ሙሀመድኑር ግን ሙሀመድኑር ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትገዛው ይህ ጠባሳ የምን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ እንጂ። የሸጠልኝ ሰው ነግሮኛል። ጥጃ ሳለ ታሞ አንዲት ሴት በብረት ተኩሳው እንደዳነ። ለመርማሪውም ነግሬዋለሁ፤ ጠባሳ አለው ብሎ ብቻ ጻፈ።»

ሙሀመድኑር ተናደደ። «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? ስንት አገር ዞሬ ያገኘሁትን!»

ኑርሁሴን ቆሞ አየው። በቁጣ አልነበረም፤ አንድ እንግዳ ነገር እንደሚያይ ሰው ነበር ያየው።

«ጣቢያው ግቢ ውስጥ የበሬውን ገመድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ሦስት ጊዜ ዞርከው። ጥርሱን ከፍተህ አየህ፣ ሰኮናውን አነሳህ። ክንድህ ክንዴን ነክቶት ነበር። አንዴ እንኳ ቀና ብለህ አንተ ሰው ከየት አገኘኸው አልከኝ?»

ሙሀመድኑር ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረ። ቀንዱ ይታየዋል፤ ጠባሳው እያንዳንዱ መስመር ይታየዋል። ገመዱን የያዘው ሰው ፊት ግን አልመጣለትም።

«ጠይቄህ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «እስቲ አሁን ተቀመጥና ከመጀመሪያው ንገረኝ። ባቲ የገባህበትን፣ የሸጠልህን ሰው፣ ሁሉንም።»

«አሁን ምን ይሠራልኛል?» አለ ኑርሁሴን። «ልጄ የተወለደው እኔ ታስሬ ነው። ትናንት ላቅፈው ብዬ ሲያየኝ ጮኸ። ቤት ልግባ፣ ይልመደኝ።»

በሬውን ሳብ አድርጎ ሄደ። ሙሀመድኑር ከኋላው፣ «የልጅህ ስም ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኑርሁሴን ዞሮ ሳያይ መንገዱን ቀጠለ።