ሬሳ ተራ አይጠብቅም

በጎንደር የነዳጅ ሰልፍ ላይ ለማንም አንለቅም ነበር፤ ለሬሳ ግን እንለቃለን። ይህን ሕግ ያወጣው ባለሥልጣን አይደለም። በአዘዞ መንገድ ዳር መኪኖቻችንን ደርድረን ሁለት ሦስት ቀን ስንሰነብት እኛው ሾፌሮቹ ያቆምነው ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ለቀብር ነው» ካለ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ፊት ያለው መኪናውን ጠጋ ያደርጋል፣ ቀጂው ቱቦውን ይዘረጋል፣ ሰውየው ቀድቶ ይሄዳል። ሹም ቢመጣ ኖሮ አንገት ለአንገት እንተናነቅ ነበር።

እኔ ከጎንደር ትክል ድንጋይ የምሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። መኪናዋ የራሴ ናት፤ የራሴ ስል ግማሿ የባለቤቴ ወርቅ ነው። ድጎማ በደህናው ጊዜ እያለ እኛ የሕዝብ ማመላለሻዎች ተመዝግበን፣ በስልካችን እየከፈልን፣ ከሌላው በረከሰ ዋጋ እንቀዳ ነበር። የቤት መኪና የሚነዱት የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በቅናት ያዩናል፤ እኛም ትንሽ ኮራ ሳንል አልቀረንም። ኋላ ድጎማው በጥቂት በጥቂቱ ተነሣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የነዳጅ ጉድ ግን መስከረምን አይጠብቅም፣ በየጥቂት ወሩ በዜና ይነገራል። ሊጨምር ነው የተባለ ሰሞን ቤንዚኑ ከማደያው ይጠፋል፤ ከጨመረ በኋላም አይገኝም። ተወደደ ብሎ ማማረር እንኳ ያገኘ ሰው ወግ ሆነ።

ታሪፉ ደግሞ እንደ ቤንዚኑ አይሮጥም። ከታሪፍ በላይ ጠይቄ ተሳፋሪ ፊት የተዋረድሁበት ቀን ብዙ ነው። አንዲት ከገበያ የምትመለስ ሴትዮ «ምነው ወንድሜ፣ ዶሮዬን የሸጥሁት ላንተ ነው ወይ?» ብላኝ ከመኪናው ወርዳ መንገዱን በእግሯ ተያያዘችው። ተናደድሁባት። እውነቷን ስለ ነበረ ነው የተናደድሁት።

የምነግራችሁ ቀን ሰልፉ ላይ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ከፊቴ ስልሳ ያህል መኪና አለ። ሰው በመኪናው መስተዋት ጢሙን ይላጫል፣ ካልሲውን አጥቦ በሩ ላይ ያሰጣል፤ ሰልፉ ሰፈር ሆኗል። ጠዋት እህቴ ደወለች። እናታችን የምትኖረው ከትክል ድንጋይ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ከእሷ ጋር ነው። «የእምዬ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፍቷል» አለችኝ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምንም አልወጣላትም፣ የቀመሰችውን ታስመልሳለች። የጤና ጣቢያው ሰው አንጀቷ ሳይታጠፍ አልቀረም፣ ዛሬውኑ ጎንደር ካልደረሰች አትተርፍም ብሏል።» አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቶ ገና አልተመለሰም። የመስመሩ መኪኖች ሁሉ፣ የእኔን ጨምሮ፣ እዚሁ ሰልፉ ላይ ናቸው። መኪናዬ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቤቴ ድረስ እንኳ የሚያደርሰኝ አልነበረም።

የተራውን ደብተር የሚይዙት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሁላችንም አያ ብለን እንጠራቸዋለን። ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው።

«አያ፣ እናቴ ልትሞትብኝ ነው። እባክዎ ተራ ይልቀቁልኝ።»

ደብተሩን አገላበጡ። «ልጄ፣ እዚህ ያልታመመበት ማን አለ?» አሉኝ። «ያ ባለነጩ መኪና አባቱን ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለት ጊዜ ያመላልሳል። ያቺ መምህርት ልጇ ስኳር አለበት። ለታመመ ሁሉ ከለቀቅን ሰልፉ አለቀለት።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ባለነጩ መኪና እንኳ ሰምቶኝ ኖሮ አንገቱን ደፋ።

ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ እያደረጉ የሚሸጡ ነበሩ፤ ያን ሰሞን ግን እነሱም ተባርረው ጠፍተዋል። ቢገኙም ቀደም ሲል ከእነሱ ገዝቼ ውኃ የተቀላቀለበት ሆኖ ሞተሬን ሊገድለው ለጥቂት ነው የተረፈው። ሦስት የማውቃቸው ሾፌሮች ዘንድ ደወልሁ። አንዱ ስልኩን አላነሣም፤ ሁለቱ እዚያው ሰልፉ ላይ፣ ከኋላዬ ናቸው።

ተመልሼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥሁ። ነገሩ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ሞታ ቢሆን ኖሮ ቤንዚን አገኝ ነበር። ለቀብሯ የማይነፍጉኝን ለነፍሷ ይነፍጉኛል። ይህን ሳስብ ሳቅ ሁሉ ዳዳኝ፤ ወዲያው ደግሞ አንገሸገሸኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ። የቸገረው እናቱን በአፉ እንደሚገድል ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ፣ ስልኩን እንደያዝሁ ወረድሁ። «አረፈች» ብቻ ብዬ ዝም ልል ነበር ያሰብሁት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልሁ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንሁ። ወሬው ውሸት ነበር፤ ለቅሶው ግን የእውነት መጣ፣ ላቆመውም አልቻልሁም።

አያ ቆባቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር! እኔን! ምነው ቅድም በለቀቅሁልህ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ቀና ብዬ ላያቸው አቃተኝ። ያቺን ጠብታ እንዳልጨርስ ብለው ሞተሬን እንዳስነሣ እንኳ አልፈቀዱልኝም፤ ስምንት ዘጠኝ ሆነው ከኋላ እየገፉ ያን ሁሉ መኪና አሳለፉኝ። ባለነጩ መኪና ከፊት ከፊት እየሮጠ ሰው ያስጠጋል። በየመስኮቱ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይሉኛል። እኔም መሪውን ይዤ «አሜን፣ አሜን» እያልሁ አለፍሁ።

መንደራችን ስደርስ እናቴ ነፍሷ አልወጣም። አራት ጎረቤቶች ተሸክመው የኋላው ወንበር ላይ አስተኟት። በየጉድጓዱ ታቃስታለች፣ እህቴ ራሷን ታቅፋ ታለቅሳለች። መንገዱን አጋምሰን እናቴ ነቃ አለች።

«ነዳጅ የለም ሲሉ አልነበር? ከየት አመጣኸው ልጄ?»

«ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች ለቀቁልኝ።»

«የእነሱንም እናት ያቆይላቸው» ብላ መረቀቻቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ተረፈች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ሄደ። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ያን ቀን ስለ ውሸቴ አንድም ጊዜ አላሰብሁም።

በሦስተኛው ቀን እኔ ሆስፒታል እናቴን ሳስታምም፣ ስድስት የሰልፍ ጓደኞቼ ለቅሶ ሊደርሱኝ ቤቴ መጡ። ከአዘዞ እስከ ሰፈሬ ማራኪ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ቤንዚናቸውን ለለቅሶ ቢያወጡት በማግሥቱ መሥሪያ የላቸውም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦና ውኃ ተሸክመው በሩን አንኳኩ። ባለቤቴ ምንም አታውቅም፤ አፍሬ ሳልነግራት ቀርቻለሁ። ሊጠይቁ የመጡ መስሏት «እሷማ ዳነች! ተመስገን፣ ዛሬ አጥሚት ቀመሰች። ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?» አለቻቸው።

አያ «ተመስገን» ብለው ዳቦውን በረንዳው ላይ አስቀመጡ፤ «ለበሽተኛዋ ይሁን» ብለው ጓደኞቼን ሁሉ ይዘው ተመለሱ። ማታ ባለቤቴ «ነጠላቸውን ምነው አዘቀዘቁት?» ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኋት። «እናትህ እንዳትሰማ» አለች።

ቤንዚኑ አለቀ፤ ተመልሼ ተሰለፍሁ። ስድብ ቢመጣ ልቀበል፣ ዱላም ቢሆን ልችል ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። ሰላም ስላቸው እጃቸውን ይሰጡኛል፤ ወሬያቸው ግን እኔ ስደርስ ይቋረጣል። አያ ስሜን ጽፈው «እናትህ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ሸጋ ናት፣ አያ።»

«እንኳን ተረፈች» አሉና ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አዲስ መስመር ተጽፏል፤ ለቀብር ብሎ የሚመጣ ሰው የቀበሌ ወይም የእድር ደብዳቤ ይያዝ ይላል። «ባንተ የተነሣ አይደለም» አሉኝ። በእኔ የተነሣ ነው።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከሰልፉ ጭራ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። አላውቀውም። የጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ አስፋልቱን ይጠርጋል።

«ለቀብር ነው» አለ። «አባቴ አይከል ላይ አርፎ ነው። ወንድሜ አሁን ደወለልኝ። ነገ ጠዋት ይቀበራል።»

ፊት ያለው መኪና እንደ ልማዱ ሊጠጋለት ሞተሩን አስነሣ። አያ እጃቸውን አነሡ።

«ደብዳቤ ይዘሃል?»

«የምን ደብዳቤ?»

«የቀበሌ፣ ወይም የእድር።»

ሰውየው ያልገባው መሰለ። «አባቴ የሞተው አይከል፤ እዚህ ማን ይጽፍልኛል? ቅዳሜ ከሰዓትስ የትኛው ቀበሌ ይከፈታል? እንኩ፣ ወንድሜን ራስዎ ይጠይቁት» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው። ሦስት ጊዜ ተሞከረ። የአይከል ኔትወርክ ጠፍቷል። ከመካከላችን አንዱ «አሁንማ ስልክ ይዞ ማልቀስ ተለምዷል» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ላለማየት ሌላ ሌላ ቦታ አዩ።

ሰውየው አያለቅስም። የሸሚዙን አንዲት ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል፣ መልሶ ይፈታል። የሚዋሽ ሰው ምን እንደሚመስል እዚያ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህ ሰው አይዋሽም። ቤንዚን እንዳልሰጠው መኪናዬ ደርቃለች። ተራዬን ልልቀቅለት ብል ከፊቴ አርባ መኪና አለ። የቀረኝ አፌ ብቻ ነበር። ወደ ፊት ወጣሁ።

«አያ፣ እውነቱን ነው። እኔ እመሰክርለታለሁ።»

አያ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ሰውየውን አላዩትም፤ እኔን እንዳዩ ደብተሩን ዘጉት። ፊት ያለው መኪና ሞተሩን አጠፋ።

ሌላ ልናገር አፌን ስከፍት ሰውየው ክንዴን ያዘኝ። እንግዳ ስለሆነ ምን እንዳደረግሁበት አያውቅም። «ተው ወንድሜ፣ አትለማመጥልኝ» አለኝ። «አንተ እንኳ አመንኸኝ። እግዜር ይስጥልኝ።» እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝና መኪናውን ሰልፉ ጭራ ላይ ትቶ በአይከል መንገድ በእግሩ ሄደ።